የሚያይ ነገር አይበየድም

ወለላን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው ቁልፎቿን ነው። አሥራ አራት ቁልፎች በአረንጓዴ የሹራብ ክር ታስረው አንገቷ ላይ ይውላሉ። ስትራመድ ይንኳኳሉ፤ ተማሪው ድምፃቸውን ከኮሪደሩ ማዶ ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ይከታል። «ቲቸር ቁልፌ» የሚል ስም ካወጡላት ሃያ ዓመት ቢያልፈውም አንድ ቀን ከፍቷት አያውቅም። እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም። ጋምቤላ ውስጥ በሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ቴርሞሜትር እንኳ ያልጠፋችባት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከእኔ ሌላ ካለች ትምጣና እንተያይ ትል ነበር።

ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው። ነርስ የነበረው ባሏ ጋምቤላ ሲመደብ አብራው መጣች፤ ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ተባብለው ነበር። ሁለቱ ዓመት እንዴት ሃያ ስድስት እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ሙቀቱን ለመደችው፤ ባሮን ወደደችው፤ ባሏን ከአሥር ዓመት በፊት እዚሁ ቀበረችው፤ ልጇን መቅደላዊትን እዚሁ አስተምራ ለጅማ ሰው ዳረቻት። የቀራት ጡረታዋ ብቻ ነበር። እሱም ዘንድሮ ለየካቲት ተቆረጠላት፤ ከዚያ በኋላ ጅማ ሄዳ ከልጇ ጋር ልትኖር ነው።

ስለ ወለላ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የመንግሥት ንብረት ግን ትፈራለች። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ፈርመህ የተረከብከው ዕቃ ጡረታ ብትወጣም ይከተልሃል። ተሰበረ ቢባል መልስ ስጥ ትባላለህ፤ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ቢያረጅ ግን ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ ብልህ ንብረት ያዥ ዕቃውን ከአቧራ፣ ከአይጥ፣ ከምስጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተጠቃሚ ይጠብቃል። ወለላን በዚህ በኩል የሚደርስባት አልነበረም።

ቴሌስኮፑ የመጣው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ የተላከ ነው ተብሎ በረጅም የእንጨት ሳጥን ተጭኖ መጣ። ያን ጊዜ የፊዚክስ መምህር የነበረው ያዕቆብ ሳጥኑን ሳያውል ሳያሳድር ከፈተውና ዕቃውን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተከለው። አንድ ሜትር የሚሆን ነጭ ቱቦ ነው፤ በሦስት እግር ይቆማል። ጀርባው ላይ የእጅ ባትሪ የምታክል ሌላ ትንሽ ቱቦ ተጣብቃለች። ትንሿ አፈላላጊዋ ናት። ትልቁ ቱቦ የሚያሳየው የሰማይ ቁራጭ በጣም ጠባብ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው። በእሱ ብቻ አንድን ኮከብ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። አፈላላጊዋ ግን ሰፋ አድርጋ ታሳያለች፤ መሃሏ ላይም ቀጭን የመስቀል ምልክት አላት። ኮከቡን መስቀሉ ላይ ካዋልከው በትልቁም ውስጥ ታገኘዋለህ። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ ቦታ የሚያዩ ከሆነ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ አያዩም ነበር። የአፈላላጊዋ እግር ፕላስቲክ ነው፤ ከትልቁ ቱቦ ጋር የተያያዘችውም በማጣበቂያ ነበር፤ ያንን የሠራው ሰው የጋምቤላን የመጋቢት ፀሐይ አያውቀውም። ማጣበቂያው ቀለጠ፤ ከፕላስቲኩም አንዱ ጆሮ ተሰበረ። ያዕቆብ አንድ ምሽት ተማሪ ሰብስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለ። በትንሿ ኮከቡን ያገኘዋል፤ በትልቁ ሲያይ ጨለማ ነው። በመጨረሻ «ይሄ ዕቃ አይሠራም» አለና እጁን አራገፈ። በዓመቱ ወደ ሌላ ክልል ተዛወረ። ወለላ ቴሌስኮፑን ጠርጋ፣ ጠቅልላ፣ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችውና ቆለፈችበት። ሳጥኑ ላይ በወረቀት «ይቆይ» ብላ ጻፈችበት። እውነትም ቆየ።

ዘንድሮ በጥር መጨረሻ ርክክብ ተጀመረ። ቁልፎቹን የምትረከበው ኛዱዋል የምትባል፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። ዕቃውን የሚቆጥሩት ደግሞ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደሞዝ ናቸው። አቶ ደሞዝ ፊታቸው ቅጭም ያለ፣ እስክሪብቷቸው ከጆሯቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ሰኞ ዕለት ከሳጥኑ አጠገብ ቆሙና ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ። ወለላ ሠርቶ እንደማያውቅ ነገረቻቸው። «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለው ጻፉ፤ ዓርብ ከተሰባበሩት ወንበሮችና ከሞቱት ኮምፒዩተሮች ጋር እንደሚወጣ ተናገሩና ወደሚቀጥለው መደርደሪያ አለፉ።

ወለላ እዚያው ድርቅ ብላ ቀረች። እንደ ዓይኗ ብሌን የጠበቀችው ዕቃ ነው። ስምንት ዓመት አይጥ አልነካው፣ ምስጥ አልነካው፤ ለካ ማንም አልነካውም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር ተጽፎባት አያውቅም መሰላት። አቶ ደሞዝን በሩ ላይ ደርሳባቸው፣ ከሠራስ አለቻቸው። ከሠራማ ይኖራል፤ ዓርብ ያሳዩኝ አሏት። ኮከብ በቢሮ ሰዓት እንደማይወጣ ነገረቻቸው። ሰውዬው ትንሽ አሰቡና፣ ዓርብ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፈርሜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ አሉ።

ማታውኑ ሳጥኑን ከፈተችው። ነጩ ቱቦ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። አብሮት ያለውን የሥዕል መመሪያ አገላብጣ አነበበችና የአፈላላጊዋ ነገር ያን ጊዜ ገባት። ማክሰኞ በጠዋት ከሱቅ ኤፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ገዛች። ቴሌስኮፑን ሜዳው ላይ ተክላ፣ ከባሮ ማዶ ወዳለው የቴሌ ታወር ጫፍ አነጣጥራ፣ አፈላላጊዋን በተሰበረ እግሯ ላይ ግጥም አድርጋ አጣበቀቻት። ይህች ከእንግዲህ አትነቃነቅም አለች። በስድስት ሰዓት ተመልሳ ብታያት አፈላላጊዋ በሙቀቱ አንገቷን ደፍታ፣ ኤፖክሲው እንደዚያው እንደደፋች ደርቆባታል። በትልቁ ታወሩ ይታያል፤ በትንሿ የአንድ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ። ወለላ ምላጭ አምጥታ ኤፖክሲውን ስትፍቅ ዋለች።

ረቡዕ የመውጫ ወረቀት አጽፋ፣ ትንሿን ቱቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ኦኬሎ ሄደች። ኦኬሎ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ባጃጅ ይጠግናል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አኙዋክ ነው፤ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ጊታር ይጫወታል። ከእሷ ትምህርት ቤት እንደወጣ ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን አታስታውሰውም። ስንቱን ታስታውስ። የፈለገችው ብየዳ ነበር። የብረት እግር ሠርተህ በየድልኝና እስከ ዘለዓለም አይነቃነቅ አለችው።

ኦኬሎ ትንሿን ቱቦ ተቀብሎ በአንድ ዓይኑ አየባት። የባጃጆቹን የጎን መስታወቶች አየ፤ ሰማዩን አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ቲቸር፣ ይሄ አይበየድም» አላት። «ስፖኪዮ በየድኩ እኔ? አንድ ቀን አልበየድኩም። የሚያይ ነገር አይበየድም። ሰው ሲነካው መንቀሳቀስ አለበት። ሰው ሳይነካው፣ መንቀሳቀስ የለበትም። አንቺ ያጣበቅሽው ለዚህ ነው የተበላሸ።»

ኦኬሎ በአማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም፤ ለከንቲባም ለልጅም «አንተ» ነው። ወለላ ድሮ ድሮ ይህ ነገር ይከነክናት ነበር፤ አሁን ልብም አትለው። የከነከናት ሌላው ነው። አንድ ነገር ጠበቅ ካለ ደህና ነው ብላ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው። ይህ ዘይት የነካው ልጅ አንድ ጊዜ አይቶ ተሳስተሻል አላት፤ ልክም ነው።

ብቻ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው። ትልቁ ቱቦ እንዳይበሳ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ካየሁበት አልፈርምም አለችው። ኦኬሎ ይህንንም እንደ ሥራው አካል ተቀበለው። ማንም የባጃጅ ባለቤት ባጃጁ እንዲበሳበት አይፈልግም አለ።

ሐሙስ በጠዋት ዕቃዎቹን ይዞ ቤተ ሙከራው መጣ። ወለላ ከአጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቹን ታይ ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ሰፋ ያለች የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ እንደ ቀለበት አድርጎ ቆረጠ፤ አፈላላጊዋ ውስጧ ገብታ በዙሪያዋ ጣት ያህል ክፍተት ይተርፋታል። ቀለበቷን በሁለት በኩል በሳና ሁለት ቀጫጭን ብሎን አስገባባት። በሦስተኛው በኩል፣ ከሁለቱ ትይዩ፣ ከአሮጌ ፍሬን ያወጣትን ትንሽ ሞላ አስቀመጠ። አንዱን ብሎን ስታጠብቀው አፈላላጊዋ በስሱ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ ስታላላው ሞላዋ ትመልሳታለች። ሌላው ብሎን ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይወስዳታል። ከኋላ በኩል አፈላላጊዋን ሌላ ቀለበት ውስጥ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልሎ አሰራት፤ ጎማው ይይዛታል፤ አያንቃትም።

ከዚያ ሁለቱን ቀለበቶች በአንድ የላሜራ ቁራጭ ላይ አሰራቸው። ላሜራውን በጉልበቱ ላይ ጎበጥ አድርጎ የትልቁን ቱቦ ጀርባ እንዲመስል አደረገው። ከሥሩ ሌላ ካላማዳሪያ አነጠፈለት፤ የውሃ ቱቦ በሚታሰርበት ሁለት ትልልቅ ፋሼታ ደግሞ ዙሪያውን ጠፍሮ አጠበቀው። አንዲት ቀዳዳ የለም። ሌላም ነገር አደረገ። አፈላላጊዋ ድሮ የነበረችው አናቱ ላይ ነው፤ ለማየት አንገት ይቆለመማል። ኦኬሎ የወለላን ወገብ አንድ ጊዜ አየና ፋሼታውን አላልቶ ወደ ጎን አዞራት፤ አሁን ቀጥ ብላ ቆማ ታያለች። ማንም አልነገረውም። ሹፌሩ ሲቀየር ስፖኪዮው ለአዲሱ ዓይን እንደሚስተካከል ሁሉ ለእሷም አስተካከለላት።

ወለላ ሦስት መቶ የሚሆኑ የመስታወት ዕቃዎች ስማቸውን በእንግሊዝኛ ታውቃለች። ይህ ነገር ግን ስም የለውም፤ ከቆሻሻ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዓይኗ እያየ ዕቃ ሆነ። ሥዕሉ ላይ ካለው የፋብሪካ እግር ይሻላል፤ እሷ ራሷ ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ የፈረደችው ነው።

ከቀትር በፊት ሜዳው ላይ አወጡትና በትልቁ ቱቦ የታወሩን ጫፍ ቀይ መብራት አገኙ። ታወሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ኦኬሎ ይህን ሲያይ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች በሁለት ጣቱ ቀስ ቀስ እያደረገ የአፈላላጊዋን መስቀል ቀዩ መብራት ላይ አዋለው። ወለላ ተፈጸመ ብላ ልትሸፍነው ስትል ኦኬሎ ገና ነው አላት። ስፖኪዮ ገጥሞ ሳይነዳ ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም።

እንግዲህ በዚያች ቀን በጋምቤላ አስፋልት ዳር የነበረ ሰው ያየው ይህንን ነው። ጡረታዋ ሁለት ሳምንት የቀራት ሴትዮ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ አንድ ሜትር ነጭ ቱቦ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። ባለ ባጃጁ ደግሞ ደህናውን መንገድ ትቶ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየመረጠ ይነዳል። ሁለት ጊዜ ጣሪያው አናቷን መታት። የምታውቀው አንድ የጤና ቢሮ ሰው ከእግረኛ መንገዱ ወለላ ምን ሆነች ብሎ ቆሞ ሲያያት አየችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። የመንግሥት ንብረት ከግቢ ያለ መውጫ ወረቀት ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ትዝ ያላት ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ነበር።

ተመልሰው ቱቦውን እግሩ ላይ ሰቀሉት። ወለላ በአፈላላጊዋ መስቀሉን ታወሩ ላይ አዋለችና ዓይኗን ወደ ትልቁ አዞረች። ቀዩ መብራት ልክ መሃል ላይ ተቀምጧል። ፀጉር ታህል ፈቀቅ አላለም። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ኦኬሎ ፋሼታዎቹን ሲጠራርግ ቆየና እንደ ዋዛ ተናገረ። «ቲቸር፣ እኔ ይሄን ሳጥን አውቀዋለሁ። ከመኪና ያወረድኩ እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ማታ ቲቸር ያዕቆብ ሲያሳይ እኔ አልነበርኩም፤ አባቴ ታሞ ሆስፒታል ነበርኩ። ከዚያ መጥቼ ለመንኩሽ። ሦስት ቀን ለመንኩሽ። ሲፈቀድ ትመጣለህ አልሽ።»

ቂም የለበትም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። ወለላ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ያንን ልጅ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ሲፈቀድ ትመጣለህ» ያለችው ለስንት ልጅ ነው? ደግሞስ የሚፈቅደው ማን ነበር? ቁልፉ የነበረው እሷ አንገት ላይ ነው። ይቅርታ ልትለው አስባ ቃሉ አፏ ላይ ተንከራተተባት። ነገ ምሽት ና፤ ከማንም በፊት የምታየው አንተ ነህ አለችው። ኦኬሎ እሺ አለና መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሄደ።

ሐሙስ ማታ ልትሞክረው ብትጓጓም አልሆነላትም። በዚያ ወር ሣር ይቃጠላል፤ ጢሱ ከምዕራብ መጥቶ ሰማዩን እንደ መጋረጃ ጋረደው። አንድ ኮከብ አልነበረም። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ታወሩ ታወር ነው፤ ኮከብ ግን ሌላ ነው። ባይሠራስ? ዕቃው ይሄዳል፤ ልጁም ሁለተኛ ጊዜ ከሳጥኑ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነፋስ ወጣና ጢሱን ገፋው። ፀሐይ ጠልቃ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጨረቃ የለችም፤ ዘግይታ የምትወጣበት ሳምንት ነበር። በምሥራቅ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ከፍ ብሎ አንድ ትልቅ ብርሃን ቆሟል፤ ከዋክብቱ ሲንቀጠቀጡ እሱ አይንቀጠቀጥም። ጁፒተር ነው። አቶ ደሞዝ ፎርማቸውን በክላሴር ይዘው፣ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። ኛዱዋል ከሥራ ሳትወጣ ቀርታ ነበር። ኦኬሎ ትንሽ ዘግይቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ የእሑዱን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ደረሰ።

ወለላ ቀጥ ብላ ቆማ ዓይኗን ወደ አፈላላጊዋ አቀረበች። ብርሃኑ ጥግ ላይ ብቅ አለ። ቱቦውን በስሱ ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ አደረገችና መስቀሉ ላይ አዋለችው። ሥራዋ እዚህ ላይ አለቀ። ትልቁ ቱቦ ውስጥ ይኑር አይኑር ለማወቅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለትና ማየት ብቻ ነው የቀራት። ለማንኛውም ብላ አስቀድማ የምታረጋግጥ ሴት ናት፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳትቆጥር የፈረመችበት ቀን የለም። ያን ምሽት ግን ሳታይ ወደ ኋላ አለች።

አቶ ደሞዝ ታላቅነታቸውም ሰብሳቢነታቸውም ስላለ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ፊት ራመድ አሉ። ወለላ እጇን ዘረጋችና አስቆመቻቸው።

«አቶ ደሞዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ይጠብቁ። ተራው የእሱ ነው። ስምንት ዓመት ጠብቋል።»

ሰውዬው ነገሩ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ቆሙ። ኦኬሎ ረጅም ወገቡን አጠፈና ዓይኑን አስጠጋ። ዝም አለ። ወለላ ልቧ ሲመታ ቁልፎቿ ደረቷ ላይ የሚንቀሳቀሱ መሰላት። እንግዲህ የለም ማለት ነው፤ የለም ለማለት አፍሮ ነው ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል በአኙዋክኛ አንድ ነገር ለራሱ ሲናገር ሰማችው፤ ድምፁ የጸሎት ድምፅ ነበር።

«ቲቸር፣» አለ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ኮከብ አይደለም። ክብ ነው። መስመር አለው ወገቡ ላይ። ከአጠገቡ ትንንሽ አሉ፤ አራት። ተሰልፈዋል።» ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ «እየሸሸ ነው» አለ።

አራቱ ጨረቃዎቹ መሆናቸውን፣ እሱም እየሸሸ እንዳልሆነ ነገረችው። የምንዞረው እኛ ነን፤ የቆምንበት መሬት ነው የሚሄደው አለችው። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ለስንት ተማሪ ሉል እያዞረች አሳይታለች። ስትናገረው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ያህል ሆነባት። ኦኬሎ ዓይኑን ከቱቦው አንሥቶ እግሮቹን አየ፤ ጫማውን፣ ሣሩን፣ አፈሩን አየ። ከዚያ ለአቶ ደሞዝ ቦታ ለቀቀ።

አቶ ደሞዝ እንደ ሥራቸው ሊያዩ ነበር ያጎነበሱት። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ብርሃኑ ከመሃል ሲሸሽባቸው ወለላ በአፈላላጊዋ መልሳ ታመጣላቸዋለች፤ ባመጣች ቁጥር መስቀሉ ላይ ያዋለችው ሁሉ በትልቁ ውስጥ ይገኛል። በመጨረሻ ቀና ሲሉ ፊታቸው ቅጭም ማለቱን ረስቶታል። «የእግዚአብሔር ሥራ!» አሉ በቀስታ። እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አውርደው፣ በስልካቸው መብራት «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚለውን ሰረዙና ከጎኑ «አገልግሎት የሚሰጥ» ብለው ጻፉበት። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ቆይቷል፤ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ኛዱዋል አይታ ስትጨርስ ደግመው ተሰለፉ።

ወለላ አረንጓዴውን ክር ከአንገቷ አወጣችና ለኛዱዋል ሰጠቻት። የረጅሙን ሳጥን ቁልፍ ለይታ ያዘች፤ ይህን አትቆልፊበት አለቻት፤ ከዚያ እሱንም ሰጠቻት። አንገቷ የባዕድ እስኪመስላት ቀለላት።

ኦኬሎ ከፋሼታዎቹ አጠገብ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል። ሌሎቹ ሲርቁ ወደ እሷ ዞረ።

«ቲቸር፣ እነዚያ አራቱ፣ እኔ ስለምንሽ ጊዜም ነበሩ?»

ወለላ ልትል የምትችለው ብዙ ነበር፤ ዕቃው ተሰብሮ እንደነበር፣ መምህሩ አይሠራም እንዳለ፣ የንብረት ሕግ እንዳለ። ሁሉም እውነት ነው።

«ነበሩ፣ ኦኬሎ» አለችው። «የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ኦኬሎ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንቺ ግን አላየሽም አላት። እውነቱን ነው፤ ሁሉም አይቶ እሷ ቀርታለች። ቀረብ አለና ሁለቱን ብሎኖች በጣቱ ዳሰሳቸው፤ አልተነቃነቁም፤ የቀድሞው ሹፌር ወርዶ አዲሱ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው ሁሉ ቱቦውን ገፋ አድርጎ ብርሃኑን ለዓይኗ መሃል ላይ አመጣላት። ወለላ ጎንበስ አለች። ክቡ ብርሃን ከነአራቱ ታናናሾቹ ዝም ብሎ ከፊቷ ቆሟል፤ እንባዋ እስኪሸፍነው ድረስ አየችው።